ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ

ጥቅምት 4

እታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጅቷስ ደህና ናት? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ተሠራልሽ ወይስ አሁንም በአንድ እግርሽ እየታገልሽ ነው የምትሰፊው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሌላውን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልበልሽና ልገላገል። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። ከታች ሁለት ጊዜ አስምረሽ የጠየቅሽኝን ነገር በምን አፌ እንደምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። የማዕድን ካምፑ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ እሱም ቢሮው በር ላይ ነው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይሰማል። ስለ ባልሽ ሳል እዚያ ቆሜ ላወራ አልችልም።

አዎ፣ ያስለዋል። ይኸው ወጣልኝ። ጋሼ ጠዋት ገልባጭ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ጎማውን ተደግፎ ይስላል። ሲጨርስ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርገዋል፣ ጎማ እያየ የነበረ ለመምሰል። እኔም እንዳላየ ሆኜ አልፋለሁ።

አሁን ግን ደህና ወሬ ስላገኘሁ በሩጫ እየጻፍኩልሽ ነው። አንቺ መቼም ሥራዬን ንፋስ መቁጠር ነው እያልሽ ስትስቂብኝ ኖረሻል። እስቲ ዛሬ እንኳን ሳትስቂ ስሚኝ። ንጹሁ አየር በትልቁ ጉድጓድ ቁልቁል ይገባና ከሥር ሰዎቹ የሚቆፍሩበት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በመኪናው መንገድ አድርጎ ሽቅብ ይወጣል። መንገዱ መሬት ውስጥ እየተጠማዘዘ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ጋሼና ሌሎቹ ሹፌሮች ድንጋይ ጭነው የሚወጡትም በዚያው ነው። አየሩም፣ መኪናውም፣ የናፍጣው ጭስም ያላቸው መውጫ አንድ ብቻ ነው። እኔ በመንገዱ ዳር ቢጫ የተቀቡ አምስት ምሰሶዎች አሉኝ። ማክሰኞና ዓርብ እየዞርኩ አየሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልፍ፣ ስንት ጭስ እንደያዘ እለካለሁ። ሰንጠረዥ ላይ ሞልቼ እፈርማለሁ።

እንግዲህ የአንቺ ንዝንዝ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ሰነበተና ባለፈው ወር ከሥር ያለውን የንፋስ በር ከዘጉት ጣውላዎች ሁለቱን አወጣኋቸው። ኢንጂነሩን አስፈቅጄ ነው፣ እንዳትደነግጪ። አየሩ በሰከንድ አንድ ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን ሁለት ሜትር ገብቷል። ምሰሶዎቹ ጋ ያለው ጭስ በግማሽ ወረደ። ኢንጂነሩ ደስ ብሎት ሰንጠረዡን አስተልቆ አሳትሞ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለበት። ባልሽ ከእንግዲህ የሚስበው ጥሩ አየር ነው፤ ሳሉም ይተወዋል።

ደግሞ ጋሼ የዓመቱ ጠንቃቃ ሹፌር ተብሎ ቴርሞስ ተሸለመ። ሹፌሮቹ ስሙን "ቀስ በቀስ" ብለውታል። እነሱ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ሲበሩ፣ እሱ በየመተላለፊያው እያሳለፋቸው በሁለተኛ ብቻ ይንፏቀቃል። የዛሬ አራት ዓመት ሲገለበጥ በልጅቷ ያስማልሽው መሐላ ይኸው ቴርሞስ አሸለመው። ሲሸለም ምን አለ መሰለሽ? "ይሄ የሷ ነው" አለ።

ይሄንን የሚያመጣልሽ የሳምንቱ አውቶቡስ ረዳት ነው። ኮሌታው የተበላ ሸሚዜንም አስይዤዋለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

አንተ ንፋስ ቆጣሪ፣

ሸሚዝህ ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል፣ ከዚህ ጋር አለልህ። አሁን ደግሞ ይሄንንም ብላውና አሳየኝ።

ረዳቱ በቃል ያመጣልኝን ጥያቄህን ልመልስልህ። በቃል ለምን እንደላክኸው ገብቶኛል፤ በጽሑፍ ብትጠይቅ በጽሑፍ ይቀመጥብህ ነበር። ባሌ ለዕረፍት መጥቶ ስምንት ቀን ሰንብቶ ትናንት ሄደ። እንዴት ነበር ነው ያልከኝ? እንግዲህ ስማ።

ሦስተኛ ፎቅ እንደምንኖር ታውቃለህ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ "ጫማዬን ልሰር፣ እናንተ ቅደሙ" ይለናል። እኔና ልጅቷ እንቀድማለን። በሩን ከፍተን፣ ዕቃችንን አስቀምጠን፣ እጃችንን ታጥበን ስናበቃ ነው የሚመጣው። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ስምንት ቀን ሙሉ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ሲያስር ከርሞ ሄደ። ልጅቷ አንዴ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ክንዷን ቆነጠጥኳት። ገባት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ እሷ ራሷ "አባዬ ጫማህን እሰር፣ እኛ እንቀድማለን" ማለት ጀመረች።

የትራሱን ጨርቅ በየቀኑ ቀየርኩ። በየቀኑ አፍንጫውና አፉ ያረፈበት ቦታ ግራጫ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሳቅ የሚወድ ሰው ነበር። አሁን ሊስቅ ሲል አስቀድሞ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፣ መጨረሻውን ስለሚያውቀው።

የገረመኝ ደግሞ ምን መሰለህ? በክረምት መጥቶ ሳለ ያስለው ነበር እንጂ እንዲህ አልነበረም። አየሩ ተሻሻለ ባልከኝ ወር ነው እሱ የባሰበት። እኔ የማውቀው ስፌት ነው። ልኬቱ ልክ ሆኖ ልብሱ ሰውየው ላይ አልገባ ካለ ግን ከሜትሩ ጋር አልከራከርም፣ ሰውየውን አቁሜ እንደገና እለካዋለሁ። አንተ የለካኸው ምሰሶ ነው።

ስለዚህ ሁለት ቁራጭ አቡጀዲ ልኬልሃለሁ። ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ጠርዛቸውን ቀምቅሜዋለሁ። በቀይ ክር የተቀመቀመውን ቢጫ ምሰሶህ ላይ ስቀለው። በሰማያዊ ክር የተቀመቀመውን ጋቢናው ውስጥ ከጭንቅላቱ ጎን አንጠልጥለው። አንድ ፈረቃ ሙሉ ይቆዩ። ከዚያ ሳታራግፍ፣ ሳትነካካ ላክልኝ። ጨርቅ መሣሪያ አይደለም ትለኛለህ። አይደለም። ግን ደግሞ አለቃ የለውም።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ይሄ ሰው በገዛ እግሩ ደረጃውን ወጥቶ እንዲገባልኝ ነው። በጣም ፈርቻለሁ። ለእሱ አልነገርኩትም፣ ለአንተ ነው የምነግርህ።

እህትህ


ኅዳር 3

እታለሜ፣

ሰላም ብዬሻለሁ። ሸሚዙ አምሮብኛል።

በመሀል የላክሽው ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። ሐኪም አይቶታል፣ አዎ። የካምፑ ክሊኒክ ሄዶ ጉንፋን ነው ብለውት ሽሮፕ ሰጥተውታል። ትንሽ ደክሞት ነበርና ሁለት ቀን አረፈ፣ አሁን ተመልሶ ሥራ ገብቷል። ከዚህ የተለየ ነገር የለም።

ጨርቆቹን እንዳልሽው ሰቅያቸዋለሁ። ጋሼ ሰማያዊውን ሲያይ "ደግሞ መጋረጃ ጀመረች?" ብሎ ሳቀ። እኔም እንደ ሕፃን ታዝዤ ምሰሶ ላይ ጨርቅ ስሰቅል ሹፌሮቹ አይተውኝ መሳቂያ ሆኛለሁ፤ ልብስ ልታሰጣ ነው ወይ እያሉ። ሁለቱም በጋዜጣ ተጠቅልለው መጥተውልሻል። አላየኋቸውም ብልሽ አታምኚኝም፤ አይቻቸዋለሁ። ግን ቶሎ ብለሽ እንዳትደመድሚ። የመኪናው ማርሚታ፣ ጭስ ማውጫው፣ ተቀድዶ ጭሱን ወደ ጋቢናው እየረጨ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ የአንድ ቀን ብየዳ ነው። አየሩ ግን ደህና ነው፤ ማክሰኞ ለክቻለሁ፣ ዓርብም ለክቻለሁ። ሦስት ዓመት ስለካ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቃለሁ።

በቁጣ አትጻፊልኝ። ሰሞኑን እንቅልፍም እምብዛም አይወስደኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 12

ወንድሜ፣

በቁጣ አትጻፊልኝ አልክ። እሺ፣ ቀስ ብዬ ልጻፍልህ።

ሁለቱን ጨርቆች የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቻቸዋለሁ። ባለ ቀዩ አመድ ነክቶት ያለፈ ይመስላል። እጥፋቱ ውስጥ እንዲያውም ነጭ ነው። ባለ ሰማያዊው ክሩ እንኳን አይታይም። በጣቴ ዳሰስኩትና ያንን ጣቴን ስድስት ጊዜ ታጠብኩት። ግማሽ ግማሻቸውን ቆርጬ በሳሙና አጠብኳቸው። የምሰሶህ ለቀቀ። የባሌ አለቀቀም። ሃያ ዓመት ጨርቅ ስሠራ እንዲህ ክር ውስጥ የገባ ጥቁር አይቼ አላውቅም። ይሄ የአንድ ፈረቃ ነው። እሱ ደግሞ ሳንባውን በየፈረቃው አጥቦ አይሰቅልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ረዳቱ ጋዜጣውን ሲያቀብለኝ ምን አለኝ? "እመቤት፣ ባለቤትዎ ተሻላቸው? ያን ቀን በሁለት ሰው ተደግፈው ከመኪናው ሲወርዱ አይቼ ደንግጬ ነበር።" የማላውቅ መሆኔን ከፊቴ ሲያይ ምላሱን ሊውጥ ደረሰ። ምስኪን፣ መልስ ሳይቀበለኝ ሮጠ። ትንሽ ደክሞት ሁለት ቀን አረፈ ማለት ይሄ ነው? የእናቴ ልጅ አውቶቡስ ረዳት የነገረኝን ያህል አይነግረኝም?

እሱ ምን እንደጻፈልኝ ልንገርህ። ሁለት መስመር ነው የጻፈልኝ። "ደህና ነኝ። ቴርሞሱ እስከ ከሰዓት ሙቅ አድርጎ ያቆያል።" ይኸው ነው። እኔም ሆዴን ይዤ ስለ ቴርሞስ አነባለሁ።

የጠየቅኩህን በሚመጣው አውቶቡስ መልስልኝ። ምን ሆኖ ነው የወደቀው? ማን ነው እንዲህ ያደረገው? ካልመለስክ ልጅቷን ጎረቤት አስቀምጬ እኔው እመጣለሁ፤ ከዚያ ኢንጂነርህም አንተም ጉዳችሁ ይፈላል።

እህትህ


ኅዳር 21

እታለም፣

ይቅር በይኝ። ሰላምታውን ዝለይልኝ፣ ለሰላምታ የሚሆን ፊት የለኝም።

ጥቅምት 28 ነው። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ መኪናውን አቁሞ ግንባሩን መሪው ላይ አሳርፎ አገኙት። ራሱን ስቶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የእጅ ፍሬኑን ስቧል። ውጭ አውጥተን አየር ሲያገኝ ነቃና ዓይኑን ገልጦ ሲያየኝ "እሷ እንዳትሰማ" አለኝ። እኔም እሺ አልኩት፣ ከዚያም ትንሽ ደክሞት ነበር ብዬ ጻፍኩልሽ።

ማን ነው እንዲህ ያደረገው ላልሽኝ፣ ወደዚያው እየመጣሁ ነው። ታገሺኝ።

ማርሚታውን አስፈታሁት። ቀዳዳ የለውም። መስኮቱን፣ ወለሉን፣ ሁሉን አየሁ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ የአንቺ ነገር ትዝ አለኝ፣ ሰውየውን አቁሜ እለካዋለሁ ያልሽው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን ከሹፌር ጎን ተቀምጬ ወጥቼ አላውቅም። ምሰሶ ምሰሶዬን ነው የማውቀው። ስለዚህ ሐሙስ ከጋሼ ጋር ተሳፈርኩ።

አየር ወዴት እንደሚሄድ የምናይባት ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ አለችን። የላስቲክ ኳሷን ስትጨምቂያት ነጭ ጭስ ትተፋለች። ምሰሶ ጋ ቆሜ ስጨምቃት ጭሱ ብን ብሎ ሽቅብ ይሄዳል። መኪናው ጭነቱን ይዞ እያጓራ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ እጄን በመስኮት አውጥቼ ጨመቅኳት። ጭሱ አልሄደም። መስኮቱ ጋ ቆመ። ሃያ ሜትር ሄድን፣ ሠላሳ ሜትር ሄድን፣ ያቺ ነጭ ጭስ ከጎናችን ናት። ከዚያ ቀስ ብላ ጋቢናው ውስጥ ገባች። እንደገና ጨመቅኩ፣ ያው ነው። ጋሼ "ምን ሆነሃል፣ ፊትህ ጠፋ" አለኝ።

መኪናው በሰከንድ ሁለት ሜትር ይወጣል። አየሩም በሰከንድ ሁለት ሜትር ይወጣል። እኩል ናቸው። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ወደ ኋላም አይቀር፣ ወደ ፊትም አያልፍ፣ መኪናውን አቅፎ አብሮ ይወጣል፤ ሞተሩ ደግሞ በየደቂቃው ይጨምርበታል። ከሥር እስከ ላይ ግማሽ ሰዓት ነው፣ በፈረቃ ሰባት ጊዜ። ምሰሶዬ ጋ ጭሱ ተጠቅልሎ ይመጣና ትንሽ ቆይቶ ያልፋል፣ ከዚያ መንገዱ ንጹህ ነው። አማካዩን ሳወጣው ያምራል። የፈጠኑት ሹፌሮች ጭሳቸውን ጥለውት ይሄዳሉ። አየሩ አንድ ሜትር ብቻ ይሄድ በነበረ ጊዜ ጋሼም ጥሎት ይሄድ ነበር፤ የሚያስለውም መቼም ጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያስለው ነበር። ጣውላዎቹን አውጥቼ አየሩን ከእሱ ጋር ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከአየሩ ጋር እኩል የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጠንቃቃው ነው።

ይኸው መለስኩልሽ።

ጣውላውን መልስ ትይኛለሽ። ልመልስ ሄጄ ነበር። ከሥር ለሚቆፍሩት ሰዎች አየር የሚወስደው የሸራ ቱቦ ከተቀደደ ወር አልፎታል፤ አሁን በሩን ብዘጋው እነሱ ናቸው የሚታፈኑት። ኢንጂነሩ ደግሞ ሰንጠረዡን አሳየኝ። "ቁጥሩ እንዲህ አምሮ ለምን እንነካዋለን? ያንተው ፊርማ ነው" አለኝ። የሚነካው ቁጥሩ ልክ እንዳልሆነ በጽሑፍ ሳቀርብ ብቻ ነው። እሱን ካቀረብኩ ሦስት ዓመት የለካሁት ሁሉ ገደል ገባ፣ እኔም አብሬ። እያሰብኩበት ነው። ሳስበው ደግሞ ቀኑ ይሄዳል፣ እሱም ይወጣል ይወርዳል።

ጋሼን "ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ጭሱን ጥለኸው ሂድ" አልኩት። ሁሉንም አስረዳሁት፣ ገብቶታል። "በልጄ የማልኩ ሰው ነኝ" ብሎ ዘጋኝ። ከመኪናው ውረድ ስለውም አልሰማኝም፣ ከመሪው ያወረዱኝ ቀን ሰው አይደለሁም ይላል። ከመሐላው የምትፈቺው አንቺ ብቻ ነሽ። ጻፊለት። ደግሞ ሸራ እንዴት እንደሚሰፋ ንገሪኝ፣ ቱቦውን ራሴ እሞክረዋለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ሸራውን ልንገርህ፣ እሱ ይቀለኛል። የተቀደደውን ጫፍ ለጫፍ አጋጥመህ እንዳትሰፋው፣ አየር ሲገባው ይተረተራል። አንዱን ጫፍ ሌላው ላይ ደርበህ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እጠፋቸው፤ ከዚያ በእጥፋቱ ላይ ሁለት መስመር ስፋ። ክሩን ሰም ቀባው። የሸራ መርፌ ስድስት ልኬልሃለሁ። ጣትህን እንዳትወጋ አልልህም፣ ትወጋለህ።

አሁን የጠየቅኸኝ። ሲገለበጥ አንተ ገና እዚያ ሥራ አልገባህም ነበር። የራስ ቁሩን ለሁለት እንደተሰነጠቀ በፌስታል ነው ያመጡልኝ። የሰውየውን ነገር ሳይነግሩኝ መጀመሪያ ቁሩን ሰጡኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ ገና ደረጃው ላይ አቁሜ፣ ልጅቷን መሀላችን አድርጌ፣ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አስቀምጬ ነው ያስማልኩት። ቀስ በል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስንለያይ ቻው ብዬው አላውቅም፣ "ቀስ በል" ነው የምለው። አንተ ልጅ፣ አሁን በዚያው እጄ "ፈጥነህ ሂድ" ብዬ ልጻፍለት? ቢገለበጥስ? ቢፈጥን አንድ ነገር፣ ቀስ ቢል አንድ ነገር፣ እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ እንደ አዝራር ልመርጥ።

ሦስት ቀን ተንቆራጠጥኩ። የደንበኛ ቀሚስ ሁለቱንም እጅጌ ግራ አድርጌ ሰፋሁ። በመጨረሻ ጻፍኩት። የታሸገው ፖስታ ያ ነው፣ በእጁ ስጠው። ፈትቼሃለሁ ብዬዋለሁ። ከዚያ በታች ደግሞ ከመኪናው ውረድልኝ ብዬዋለሁ፤ ለማኝም ሆነህ ብትመጣ የምፈልገው አንተን ነው ብዬዋለሁ።

የእኔ ድርሻ ይሄ ነው። የአንተስ? እያሰብኩበት ነው ትለኛለህ። ምን ይታሰባል? ግድግዳው ላይ ያለው ፊርማ የአንተ ነው። እኔ በልጄ ጭንቅላት ላይ ያስማልኩትን ከፈታሁ፣ አንተ ወረቀት መፍታት አቃተህ? ሰው ይስቅብኛል ብለህ ከሆነ ይሳቅብህ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሬብሃለሁ። ይሄንን መጻፍ አልፈልግም ነበር፣ ጻፍኩት።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

እታለሜ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ስድስቱም ጣቴ ተወግቷል። ስድስት ያልኩት መርፌዎቹን ቆጥሬ ነው።

ፖስታውን በእጁ ሰጠሁት። ምን አለ ብለሽ በረዳቱ አስጠይቀሽኛል። የገልባጩ መረገጫ ላይ ተቀምጦ አነበበው፤ ሁለቴ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና "እሷ ፈታችኝ፣ እኔ ግን የማልኩት በልጄ ነው፤ ልጄ መቼ ፈታችኝ?" አለ። ተነስቶ በሁለተኛ ማርሽ ወረደ፣ በሁለተኛ ማርሽ ወጣ። ልናገረው አፌን ስከፍት "ውረድ ያለችኝን ግን አስብበታለሁ፣ ይሄን ሳምንት ልጨርስና" አለኝ።

የዚያኑ ቀን የእንግዳ መቀበያው ክፍል ገባሁ። ግድግዳው ላይ ባለው ሰንጠረዥ ላይ በትልቁ፣ በማይጠፋ ቀለም፣ "ይህ ምሰሶው የተነፈሰው ነው፣ ሹፌሩ የሚተነፍሰው አይደለም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ከጎኑ የባለ ሰማያዊ ክሩን ግማሽ ጨርቅ፣ መልሰሽ የላክሽልኝን፣ በሚስማር መታሁት። ከሥሩ አራት ገጽ ጽፌ ለኢንጂነሩም፣ ከእሱ በላይ ላለውም ሰጠሁ። ኢንጂነሩ አንድ ሰዓት ጮኸብኝ። ከዚያ ጨርቁን በጣቱ ነካውና ጣቱን አየው። በማግስቱ ራሱ ከአንድ ሹፌር ጎን ተሳፍሮ ወጣ፣ ቱቦዋን ከእኔ ተውሶ።

ጣውላዎቹ ተመልሰዋል። የሸራውን ቱቦ እኔና ሁለት ቆፋሪዎች አራት ቀን ሰፋነው፣ እንዳልሽው ደርበን አጥፈን። ይዟል፣ ከሥር ያሉት ሰዎች አየር አገኙ። ከእንግዲህ መለኪያውን ሹፌሩ ደረት ላይ እንጂ ምሰሶ ላይ አንሰቅልም ተብሏል። እኔን ከመለካት ሥራ ለጊዜው አንስተውኛል። ሸራ ሰፊ ሆኛለሁ፤ ሳቂብኝ።

ግን እታለም፣ ጣውላው የተመለሰው ረቡዕ ነው። ጋሼ ማክሰኞ ወደቀ። አሁንም ፍሬኑን ስቦ ነበር። በአምቡላንስ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወስደነው ዘጠኝ ቀን ተኛ። በዚህ መሀል ያልጻፍኩልሽ ደብቄሽ አይደለም፣ አጠገቡ ሆኜ ነው። ሐኪሟ የሳንባውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ይጠብቅ አለችኝ። መኪና አይነዳም። ይሄንን ስትነግረው ራሱን ነቀነቀና "ቴርሞሱን እንዳትረሱብኝ" አለ።

ሐሙስ በአውቶቡሱ ይመጣል። ረዳቱ ከፊት ወንበር አስቀምጦ ያመጣዋል። ደረጃው ላይ አትቸኩይበት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ መጻፍ ከብዶኝ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 14

ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣

ደርሷል፤ ከደረሰ ወር ሊሞላው ነው። ቶሎ ያልጻፍኩልህ ተቀይሜ መስሎህ ስትንቆራጠጥ እንደከረምክ አውቃለሁ። ከጀርባው የጻፍከውን አንብቤ መልሱን ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኝ ነው።

ትንሽ ትንሽ እየበላ ነው። ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክልልኛል። ጣቱ ወፍራም ነው፣ አንዱን ቁልፍ ተክሎ እስኪጨርስ የሻይ ሰዓት ይደርሳል፤ ግን እሱ የተከለው ቁልፍ ሸሚዙ ቢያልቅም አይወልቅም። ደንበኞቼ "ይሄ ሰውዬ ማን ነው?" ሲሉኝ "አዲስ የቀጠርኩት ነው፣ ቀስ በቀስ ይባላል" እላቸዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ አሁንም እጁ ወደ አፉ ይሄዳል።

መንገድ ስንሄድ ንፋስ ከኋላችን ከመጣ ይቆማል። ዞሮ ይቆምና ንፋሱ እስኪያልፍ ፊቱን ይሰጠዋል። ከዚያ እንቀጥላለን። ሰው ያየናል። እኔም አብሬው ዞሬ መቆም ለምጃለሁ።

አሁን ጥያቄህ፣ የእኔ ጥፋት ነው ወይ ያልከኝ። አንተ አየሩን አፈጠንከው፣ እኔ እሱን አዘገየሁት። አንዳችን ብቻችንን ብንሆን ምንም አይሆንም ነበር። ሁለታችንም ስለምንወደው ነው እዚያ መሀል ላይ የተገናኘነው። ለሳምንታት አንተን ብቻ ልረግም ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ግን አንተን በጀመርኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ ራሴን ነው የማገኘው። ለእሱም ነገርኩት። ቁልፉን እየተከለ ሰማኝና "ክሩን በመርፌው አሳልፊልኝ" አለኝ። ስለዚህ ጥያቄህን መልሼልሃለሁ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ። ለፋሲካም ሆነ ለምንም ሳትል ዕረፍት ስታገኝ ና፤ አልጋህ ተነጥፏል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህና ላብቃ። "ቀስ በል" ማለት ትቻለሁ። ከመጣ ጀምሮ ያቺ ቃል ከአፌ አልወጣችም፣ ስትመጣ እውጣታለሁ። ትናንት ደረጃውን ስንወጣ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ ቆመ። አሁን ጫማዬን ልሰር አይልም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ልጅቷ ክንዱን ይዛለች። ትንፋሹ አልመለስ አለው፣ ግን እልህ ይዞት እግሩን አነሳ። እኔ ከኋላው ነኝ፤ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሰማኝ መሰለኝ። የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ እኔ ዞረና ትንፋሹ እስኪገኝለት ጠብቆ፣ "በይው እንጂ፣ ያለሱ እንዴት ልውጣ?" አለኝ።

ቀስ በል አልኩት። ወጣ።

እህትህ